«ተፈሪ» እየተባሉ የሚጠቀሱት አያሌው፦ ጣፊያን፣ መቅኔንና የደም ካንሰርን የተከተሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪም

ስለ ደም ካንሰር የሚጽፉ የዓለም የሕክምና መጽሔቶችን የገለጠ ሰው «ተፈሪ እና ባልደረቦቹ» የሚል ሳያነብ አይዘጋቸውም። ተፈሪ ግን አባትየው ናቸው። ሰውየው አያሌው ናቸው፤ ፕሮፌሰር አያሌው ተፈሪ። ፈረንጅ ሰውን በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ ከሺህ የሚበልጠው የልጅ ጽሑፍ ሁሉ በአባት ስም ተመዝግቦ ቀረ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ አገራችን ወግ ፕሮፌሰር አያሌው እያልን እንቀጥላለን።

ስለሳቸው ለመጻፍ ያሰብነው ከቢቸናና ከሞጣ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች የተነሳ ነው። «ጣፊያው አብጧል ተባለ፣ ምንድን ነው?»፣ «ሄሞግሎቢኑ በዛ ተባለ፣ ደም መብዛት በሽታ ነው እንዴ?»፣ «የደም ካንሰር ከሆነ በቃ ነው ወይ?» የሚሉ ናቸው። ሦስቱም ጥያቄዎች የሚያመሩት ወደ አንድ የምርምር መስክ ነው፤ በዚያ መስክ ደግሞ ከዓለም ፊታውራሪዎች አንዱ የእኛው ሰው ሆነው ተገኙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮፌሰር አያሌው ትውልዳቸው ኢትዮጵያ ነው። ሕክምና የተማሩት ግሪክ፣ አቴንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ ግዛት፣ ሮችስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ የደም በሽታዎች ስፔሻሊስት ሆኑ፤ ሥራቸውም እዚያው ነው። የግል ታሪካቸውን በዚሁ እናልፈዋለን፤ የሰውየው ታሪክ በብዛት ያለው በሥራቸው ውስጥ ነው።

ሥራቸው በአንድ የበሽታ ቤተሰብ ዙሪያ ይሽከረከራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ደማችን የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ አየር ይሸከማል፣ ነጭ የደም ሕዋስ በሽታን ይዋጋል፣ ፕላትሌት የሚባለው ደግሞ ስንቆረጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ሦስቱም የሚፈልቁት ከአንድ ዓይነት ግንድ ሕዋስ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግንዱ ይበላሽና ሳያቋርጥ ማምረት ይጀምራል። ቀዩ ሲበዛ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል። ፕላትሌቱ ሲበዛ ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ ይባላል። መቅኔው ራሱ እንደ ቁስል ጠባሳ ሲደነድንና ደም ማምረት ሲያቅተው ማይሎፋይብሮሲስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጣፊያ የመቅኔን ሥራ ልሥራ ብላ ታብጣለች፤ አንዳንዴ እስከ እምብርት፣ ከእምብርትም በታች ትደርሳለች። ነጩ የሚበዛበት አራተኛው ዘመድ ሲኤምኤል የሚባለው ነው።

እነዚህን አራት በሽታዎች «ዘመዳማቾች ናቸው» ብሎ መጀመሪያ በአንድ የሰበሰባቸው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ዳምሼክ ነው፤ በ1951። ማስረጃ አልነበረውም፤ በዓይን አይቶ የገመተው ነበር። ግምቱን በዘረመል ለማረጋገጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወሰደ።

አንደኛው ዘመድ፣ ሲኤምኤል፣ ቀድሞ ተፈታ። በ1960 ፊላዴልፊያ ከተማ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በበሽተኞቹ ሕዋስ ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞሶም አዩ። ከዚያ የወጣው የተበላሸ ፕሮቲን ተለይቶ ታወቀ፤ እሱን የሚያግደው ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በፊት በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረ በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን የሚያዝ ሆነ። ይህ መድኃኒት ማክስ ፋውንዴሽን በሚባል ድርጅት በኩል ለእኛም አገር ሕሙማን በነጻ ሲደርስ ቆይቷል፤ ማዕከሉም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ «የደም ካንሰር ከሆነ በቃ ነው ወይ?» ላላችሁን፦ አይደለም። የትኛው የደም ካንሰር እንደሆነ ሳይታወቅ «በቃ» ማለት አይቻልም።

የቀሩት ሦስቱ ግን እስከ 2005 ድረስ ምስጢር ነበሩ። ፕሮፌሰር አያሌው እነዚህን የያዙት ማንም ብዙ ትኩረት በማይሰጣቸው ጊዜ ነው። በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ስለ ማይሎፋይብሮሲስ ያወጡት ሰፊ ጽሑፍ በወቅቱ የሚታወቀውን ሁሉ የሰበሰበ ነበር። ያኔ ለበሽተኛው የሚሰጠው ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ደም መለገስ፣ አንዳንድ የቆዩ መድኃኒቶች፣ ሲብስ ጣፊያን ቆርጦ ማውጣት። የሳቸው ቡድን በእነዚያ ዓመታት ታሊዶማይድ የተባለውን አሮጌ መድኃኒት በትንሽ መጠን ከፕሬድኒሶሎን ዘመድ ጋር አደባልቆ ሞክሮ ነበር። ከዚያ ይበልጥ ግን ማዮ ክሊኒክ ለብዙ ዓመታት የሕሙማንን ናሙናና መዝገብ በሥርዓት ማስቀመጡ በኋላ ዋጋ አወጣ። ለምን እንደሆነ ወዲያው እንመለስበታለን።

በ1974 ካናዳ ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር ታይቶ ነበር። ጤነኛ መቅኔ ቀይ ደም የሚያመርተው ከኩላሊት ትእዛዝ ሲመጣለት ነው፤ ትእዛዙ ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ነው። የፖሊሳይቴሚያ ቬራ በሽተኞች ሕዋስ ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለምንም ትእዛዝ ያድጋል። ለምን?

እዚህ ላይ የሕዋስን የመልእክት መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። ሕዋስን እንደ ግቢ እናስበው። በሩ ላይ «ተቀባይ» የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ከበሩ ውስጥ ደግሞ ጃክ2 የሚባል ዘበኛ ቆሟል። ሆርሞኑ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ዘበኛው ይነቃል፣ ስታት ለሚባለው ተላላኪ ይነግረዋል፣ ተላላኪው ዋናው ቤት ድረስ ገብቶ «አምርቱ ተብሏል» ይላል። ካላንኳኳ ማንም አይንቀሳቀስም። ዘበኛው በራሱ እንዳይነሳ የሚይዘው ልጓምም አብሮት አለ፤ የጃክ2 ፕሮቲን ሁለት የሚመሳሰሉ ክፍሎች አሉት፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገታል። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው፤ ጃክ የሚለው ጃኑስ ከሚባለው ባለ ሁለት ፊት የሮማውያን ጣዖት ነው።

በ2005 አራት ቡድኖች፣ ፓሪስ በቬንሼንከር፣ ካምብሪጅ በግሪን፣ ባዝል በስኮዳ፣ ቦስተን በጊሊላንድ የሚመሩ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ነገር አገኙ። የጃክ2 ልጓም ተበጥሷል። በፕሮቲኑ ሰንሰለት 617ኛው ቦታ ላይ ቫሊን የሚባል ቅንጣት መኖር ሲገባው ፌኒልአላኒን የሚባል ገብቶበታል። ከብዙ መቶ ቅንጣቶች አንዷ ብቻ ተቀይራ ዘበኛው ማንም ሳያንኳኳ ቀን ከሌት «አምርቱ» እያለ ይሮጣል። ለውጡ ቪ617ኤፍ ተባለ። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ካለባቸው ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ላይ አለ፤ በሌሎቹ ሁለት በሽታዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ። ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን በአብዛኛው ሰውየው በሕይወት እያለ ከአንድ ግንድ ሕዋስ የሚጀምር ነው። «የዘር በሽታ ነው ወይ፣ ልጆቼ ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ ለሚጨነቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የማዮ መዝገብ ዋጋ ታየ። ጃክ2 የሌለባቸው ሕሙማንስ ምን ሆነው ነው? የፕሮፌሰር አያሌው ቡድን፣ ዶክተር አኒሜሽ ፓርዳናኒን ይዞ፣ ከቦስተኖቹ ጋር አንድ ላይ ሆኖ በ2006 የ1,182 ሕሙማንን ናሙና መረመረ። ኤምፒኤል በሚባለው ተቀባይ ላይ፣ ማለትም በበሩ በራሱ ላይ፣ ሌላ ለውጥ ተገኘ፤ ማይሎፋይብሮሲስ ካለባቸው በ5 በመቶ፣ ትሮምቦሳይቴሚያ ካለባቸው በ1 በመቶ ያህሉ ላይ። 1,182 ናሙና በአንድ ቀን አይሰበሰብም። በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ለዓመታት የተቀመጠ ነው። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ሌሎች ሁለት ቡድኖች ካልሬቲኩሊን የተባለ ሦስተኛ ለውጥ አገኙ። እሱም ዞሮ ዞሮ የሚያነሳሳው ያንኑ የኤምፒኤል በር ነው። ሦስት የተለያየ ብልሽት፣ አንድ መንገድ። ዳምሼክ በ1951 በዓይን ያየው እውነት ነበር።

ፕሮፌሰር አያሌው ከተመራማሪነት ባሻገር የምርመራ ሕግ የሚጽፉም ሰው ናቸው። በ2007 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድንን መርተው የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት እንዲቀየርና የጃክ2 ምርመራ እንዲገባበት ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2008ቱ የድርጅቱ መስፈርት ውስጥ ገባ። ያኔ ፖሊሳይቴሚያ ለማለት ለወንድ ሄሞግሎቢን ከ18.5 በላይ፣ ለሴት ከ16.5 በላይ መሆን ነበረበት። በ2016 ወደ 16.5 እና 16.0 ዝቅ ተደረገ፤ ብዙ ሰው ከበሽታው ጋር እየኖረ በቁጥሩ ምክንያት ሲያልፍ ስለታየ ነው።

ይህ ቁጥር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በሌላው ዓለም ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ይበዛል ይባላል፤ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ላይ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን የተለየ ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራራ ላይ፣ አምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ለክተው የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ አገኙት፤ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ ደገኛ ከፍታን የለመደው ደሙን ሳያበዛ ነው። ስለዚህ ቢቸና ወይ ሞጣ ላይ በሲቢሲ ምርመራ 18 እና 19 የወጣለት ሰው «አይ፣ የደጋ ሰው ስለሆንክ ነው» ተብሎ ቢሸኝ እኛ አንቀበለውም፤ «ለምን በዛ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እርግጥ ውሃ ያነሰው፣ የሚያጨስ፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ሊበዛበት ይችላል። ምርመራው ይደገም፣ ምክንያቱ ይፈለግ ነው የምንለው።

የሚያሳስበው ደም መብዛቱ አይደለም፤ መርጋቱ ነው። ወፍራም ደምና የተነሳሱ ሕዋሶች አንጎል፣ ልብ፣ ሆድ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ወደ ጉበት የሚሄደው ወይም ከጉበት የሚወጣው ደም ሥር ሲዘጋ ሆድ በውሃ ያብጣል፣ ጣፊያም ታድጋለች፤ እንዲህ ያለ ሰው በአብዛኛው «ጉበት ነው» ተብሎ ይቀራል። አንድ ሌላ ምልክትም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ከታጠቡ በኋላ ገላን ማሳከክ። ሽፍታ የለም፣ ቅማል የለም፣ ግን ሙቅ ውሃ ሲነካው ወይም ከጸበል ሲወጣ ገላው ይለበለባል። ሰው ምች ይለዋል፣ አለርጂ ይለዋል። ጸበሉን መጠመቁን አይተው፤ ግን ይህ ከደም መብዛት ጋር አብሮ ከታየ ለሐኪም መናገር ያለበት ነገር ነው። የእግር ጣት መቅላትና እንደ እሳት ማቃጠልም እንዲሁ።

ሕክምናውስ? እዚህ ላይ ፕሮፌሰር አያሌውን የምንወድበት አንድ ጠባይ አላቸው። በየጊዜው በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሄማቶሎጂ የሚያወጡት «የዚህ ዓመት መረጃ» የሚባል ጽሑፍ አለ፤ ሐኪሞች እንደ መመሪያ ይዘውት ይዞራሉ። እዚያ ላይ ለፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚጽፉት በጣም ቀላል ነው፦ ደም በመቅዳት ሄማቶክሪትን ከ45 በመቶ በታች ማድረግ፣ ትንሽ አስፕሪን በየቀኑ፣ ዕድሜው ከ60 በላይ ለሆነ ወይም ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ደግሞ ሃይድሮክሲዩሪያ። ይኸው ነው። ብዙ አዲስና ውድ መድኃኒት በወጣበት ዘመን፣ አሮጌውንና ርካሹን ከፊት የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። 45 የሚለው ቁጥርም በ2013 ጣሊያን ውስጥ በተደረገ ጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ከዚያ በላይ የተተወላቸው ሰዎች የደም መርጋትና የልብ አደጋ በግልጽ በዛባቸው።

ደም መቅዳት ስንል ዋግምት አይደለም። ዋግምት የሚያወጣው ደም ትንሽ ነው፣ ልኬትም የለውም፣ ምላጩም ሌላ በሽታ ያመጣል። ሆስፒታል የሚደረገው ደም እንደ መለገስ ያለ ነው፤ በከረጢት፣ በመጠን፣ ሲቢሲ እየታየ። አስፕሪንንም ቢሆን ጨጓራ ያለበት፣ የሚደማ ወይም ፕላትሌቱ እጅግ የበዛ ሰው በራሱ እንዳይጀምር። ሐኪም ይዘዘው።

አሁን ወደ ጣፊያ እንምጣ፤ ብዙ የሚጠየቅበት እሱ ስለሆነ። በእኛ አካባቢ ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሁሉ የደም ካንሰር አለበት ማለት ፈጽሞ አይደለም። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚሠራ ሰው ወባ አለ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ደርሶ የተመለሰ ሰው ላይ ካላዛር ሊኖር ይችላል፤ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፤ ሳይታከም ይገድላል፣ ከታከመ ይድናል። ቢልሃርዝያና የጉበት በሽታም አሉ። እነዚህ ሁሉ ቀድመው መታየት አለባቸው። ጣፊያን በጋለ ብረት መተኮስ ግን ለአንዳቸውም መድኃኒት አይደለም፤ ቁስልና ጠባሳ ነው ትርፉ። ወባው፣ ካላዛሩ፣ ጉበቱ ሁሉ ታይቶ ሲጠፋ፣ ጣፊያው እያደገ፣ ሰውየው እየከሳ፣ ሌሊት ላብ እያጠበው፣ ደሙ እየቀነሰ ሲሄድ ያኔ ማይሎፋይብሮሲስና ሲኤምኤል ይታሰባሉ። የመጀመሪያው በር ሲቢሲና የደም ስሚር ነው፤ ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ ይታያል። መቅኔ የሚወሰደው፣ ዘረመል የሚታየው ግን ወረዳ ላይ አይደለም፤ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ነው። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ይህ ቀላል ቃል እንዳልሆነ እናውቃለን።

ለማይሎፋይብሮሲስ የተሠራው የመጀመሪያው የጃክ መድኃኒት ሩክሶሊቲኒብ ነው። በ2010 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው በ153 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ መሪዎቹ የቴክሳሱ ስርዳን ቬርስቶቭሴክና ፕሮፌሰር አያሌው ነበሩ። ውጤቱ ደስ የሚል ነበር፤ በብዙዎቹ ጣፊያ በግማሽ ቀነሰ፣ ላቡ ቆመ፣ ሰው መብላት ጀመረ። በኅዳር 2011 መድኃኒቱ ተፈቀደ። ዋጋው ያኔ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 84 ሺህ ዶላር ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያጨበጭብ ነበር። ፕሮፌሰር አያሌው ግን በዚያው በ2011፣ በዚያው መጽሔት፣ ማዮ ላይ በሙከራው የገቡትን 51 ሕሙማን ለብቻ ተከትለው ያዩትን ጻፉ። በአንደኛው ዓመት ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን አቁመዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ያቋረጡት ከመቶ 89 ደርሰዋል። አንዳንዱ ሲያቋርጥ ጣፊያው በፍጥነት ተመልሶ አበጠ፣ ጥቂቶቹ በጽኑ ታመሙ። መድኃኒቱ የሕመምን ስቃይ ያቀላል፣ በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅልም፤ ሐኪሙም በሽተኛውም ይህን አውቀው ይጀምሩ፤ በድንገትም አያቁሙ የሚል ነበር መልእክታቸው። ራሳቸው በሞከሩት መድኃኒት ላይ ነው እንዲህ የጻፉት። ብዙ ባለሙያ አልተስማማም፤ በ2012 የወጡት ሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች የመድኃኒቱን ጥቅም አጸኑ፣ በኋላ የተደመረ መረጃም ዕድሜ ያራዝማል አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኛ እዚህ ላይ ማን አሸነፈ አንልም፤ ግን «አልጠቀመም» የሚለውን ውጤት የማይደብቅ ሐኪም ነው ታካሚን የሚያድነው ብለን እናምናለን። ያ ማስጠንቀቂያ፣ «በድንገት አታቁሙ» የሚለው፣ ዛሬ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሁሉ የሚነገር ነው።

ሌላው መድኃኒት ሞሜሎቲኒብ የራሱ ታሪክ አለው። የጃክ ፕሮቲኖችን መጀመሪያ ካገኙት አንዱ አውስትራሊያዊው አንድሪው ዊልክስ ነው፤ እሱ የመሠረተው ሳይቶፒያ የተባለ ትንሽ ኩባንያ መድኃኒቱን ሠራ። ማዮ ላይ የፓርዳናኒና የፕሮፌሰር አያሌው ቡድን ከ2009 ጀምሮ ሲሞክሩት ያልጠበቁትን አዩ፤ ሌሎቹ የጃክ መድኃኒቶች ደም ሲያሳንሱ ይሄ የአንዳንዱን በሽተኛ ደም ከፍ አደረገ፣ ደም መውሰድ ያቆሙም ነበሩ። ለምን እንደሆነ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብረት በሰውነት ውስጥ እንዲቆለፍ የሚያደርገውን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግን ከኩባንያ ወደ ኩባንያ እየተሸጠ ዞረ፣ አንዱ በ2016 ተወው፣ ሌላው አነሳው፣ በመጨረሻ በመስከረም 2023 ተፈቀደ። ከመጀመሪያው ሙከራ አሥራ አራት ዓመት። ሌላው ወንድሙ ፌድራቲኒብም በ2013 በአንጎል ጉዳት ስጋት ቆሞ በ2019 ነው የተፈቀደው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን ግን የ2015ቱ ነው። ኢሜቴልስታት የሚባለው መድኃኒት የጃክን መንገድ ተወት አድርጎ፣ የካንሰር ሕዋስ እንዳያረጅ የሚያደርገውን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኤንዛይም ያግዳል። ፕሮፌሰር አያሌው በ33 ሕሙማን ላይ ሞከሩት፤ 7ቱ ላይ በሽታው በሙሉ ወይም በከፊል ሸሸ። ከነሱ ውስጥ በአራቱ የመቅኔው ጠባሳ ራሱ ተመለሰ፣ ለሰለሰ። 7 ከ33 ትንሽ ቁጥር ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም፣ በተለይ የደም ሕዋስ ማነስ፣ ቀላል አልነበረም። ግን የደነደነ መቅኔ ተመልሶ ሊለሰልስ እንደሚችል በመድኃኒት መታየቱ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። መድኃኒቱ በሰኔ 2024 የተፈቀደው ለሌላ የመቅኔ በሽታ፣ ኤምዲኤስ ለሚባለው ነው። ለማይሎፋይብሮሲስ ገና።

«ስንት ዓመት ይኖራል?» ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚሆን ሥራ አላቸው፤ ምናልባት ለቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። በ2014 የ826 የማዮ ሕሙማንን መዝገብ አይተው፣ ግማሹ ሰው ከምርመራው በኋላ የሚኖርበትን ዘመን አሰሉ፦ በትሮምቦሳይቴሚያ ወደ 20 ዓመት፣ በፖሊሳይቴሚያ ቬራ ወደ 14፣ በማይሎፋይብሮሲስ ወደ 6። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆኑት ደግሞ ወደ 33፣ 24 እና 15። እነዚህ የአሜሪካ ሕሙማን ቁጥሮች ናቸው፤ በሰዓቱ የታወቀላቸው፣ ክትትል ያላቸው። እዚህ ቢቸና ላይ ያለ ሰው ወደዚያ ቁጥር ሊቀርብ የሚችለው መጀመሪያ ሲታወቅለት ነው፤ ለመታወቅ የሚያስፈልገው መነሻ ደግሞ የሲቢሲ ወረቀት ነው። ወረቀቱን አትጣሉት፤ የዛሬውን ከአምናው ጋር አስተያይቶ «እየበዛ ነው» ማለት የሚቻለው የቆየው ሲኖር ነው።

ከመጨረሻው የወረቀት ነገር ጋር የሚሄድ አንድ ተግባራዊ ነገር እናክል። ሄሞግሎቢን፣ ነጭ የደም ሕዋስ ወይም ፕላትሌት ከልክ በላይ የወጣለት ሰው ምርመራውን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ያስደግመው። ሁለተኛውም ከፍ ካለ ስሚር ይጠይቅ፤ ሐኪሙ ሆዱን በእጁ ነክቶ ጣፊያውን እንዲያይለት ይንገረው። ሪፈር ከተጻፈ ሁለቱንም ወረቀት፣ አልትራሳውንድ ካለ እሱንም ይዞ ይሂድ፤ ባሕር ዳር ደርሶ ከዜሮ እንዳይጀምር። አንድ ጎን የሚያደነዝዝ፣ አፍ የሚያጣምም፣ ንግግር የሚያኮላትፍ፣ ወይም ድንገተኛ የደረት ሕመም የመጣበት ሰው ግን ወረቀትም ቀጠሮም አይጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ።